በሁለቱ ሳጥኖች መሀል ያለው ነጭ

ውድ ሞንጫሪው ወንድሜ፣

አባዬ መጽሐፍህን አነበበው። አትደንግጥ፤ ሁላችንም ደህና ነን። እንዲያውም እኔ ከትናንት ጀምሮ እፎይ ብያለሁ፤ አንተም እፎይ እንድትል ነው ይህን የምጽፍልህ።

«አባዬ ይህን ካየ ከእንግዲህ እዚያ ቤት በምን ዓይኔ እገባለሁ?» ያልከኝ ከጆሮዬ አልጠፋም ነበር። ስለዚህ የላክህልኝን መጽሐፍ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ከብርድ ልብሶቼ ሥር ሸሽጌው፣ ቤቱ ጭር ሲል እያወጣሁ አነበው ነበር። ልጆች ሳለን የአባዬ ፀጉር ቤት ውስጥ ከአግዳሚው ኋላ በሆዳችን ተኝተን የሥዕል ታሪክ ስናነብ ትዝ ይልሃል? እኔ ጽሑፉን ብቻ እየለቀምኩ ስሮጥ፣ አንተ «ቆይ እንጂ እትዬ፣ ሥዕሉን ሳታዪው!» እያልክ ገጹን በመዳፍህ ትይዝብኝ ነበር። «ሰውየው ይቺን ጫማ ለመሳል ስንት ጊዜ አጥፍቶ ይሆን?» ትለኝ ነበር። እኔ እኮ እስከዚያ ድረስ ከሥዕሉ ጀርባ ሰው መኖሩን አስቤ አላውቅም። የአንተንም የሥዕል ታሪክ እንዳስተማርከኝ ቀስ ብዬ አነበብኩት። ያቺ ገጽ ላይ ስደርስ ግን ሁልጊዜ አለፍ እላለሁ።

ታዲያ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መጽሐፉን ገዝቶ «የልጅህን ሥራ እየው!» እያለ ፀጉር ቤት ይዞት ገባ። እኔ የአባዬን ምሳ ይዤ ስደርስ አባዬ መነጽሩን አድርጎ ገልጦታል።

«ይሄ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰውዬ ማነው? መንትዮች ናቸው?» አለኝ።

«አንድ ሰው ነው አባዬ። እዚህ ጋ ተነሳ፣ እዚህ ጋ በሩን ከፈተ፣ እዚህ ጋ ወጣ።»

«በየሥዕሉ መሀል ያለው ነጩስ?»

«እዚያ የሆነውን አንባቢው ራሱ ነው የሚሞላው።»

«ሥራውን ለእኔ ትቶልኛላ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ በኋላ በጣቱ እየተከተለ አንድ በአንድ ያየው ጀመር። መጽሐፉን ከእጁ ልቀማው ፈልጌ ነበር፤ አልደፈርኩም።

ያቺ ገጽ ላይ ደረሰ። አንተ ሻንጣህን ይዘህ በሩ ላይ ቆመሃል። አባዬ ጀርባውን ሰጥቶህ ልብስ ሰፊውን ይላጫል፤ ዞር ብሎ እንኳ አያይህም። በቀጣዩ የሥዕል ሳጥን አውቶቡስ ውስጥ ነህ፣ ግንባርህን መስታወቱ ላይ አስደግፈህ። ይህን ሁሉ ዓመት ከቤት ያስቀረህ ያ ጀርባ እንደሆነ አውቃለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም በዚያ ቀን ምክንያት አባዬን ተቀይሜው ኖሬያለሁ።

አባዬ ገጹን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ቆይቶ ጣቱን በሁለቱ ሳጥኖች መሀል ነጩ ላይ አሳረፈ።

«እዚህ ጋ እኔ አለሁ» አለ።

«የት ጋ?»

«እዚህ። ሮጫለሁ። ምላጩን እንደያዝኩ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ። ስደርስ ሄዷል።»

ልብስ ሰፊው ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። «እኔስ ምስክር አይደለሁም እንዴ! ሳሙናው ፊቴ ላይ እስኪደርቅ ነው የጠበቅኩት! በግማሽ ጢም ቤቴ ልገባ ስል መጣ። ሰውዬው ምላጭ ይዞ ሲበር መንገደኛው ሁሉ ግራና ቀኝ ተበተነ አሉ!»

«አባዬ፣ ታዲያ ምነው እስከዛሬ ሳትነግረን?»

«ያልደረሱበት ሩጫ ምኑ ይወራል?» አለና መነጽሩን መጥረግ ጀመረ።

እኔ ሳቄንና ለቅሶዬን መለየት አቅቶኝ ምሳው በእጄ ላይ ቀዘቀዘ። ወንድሜ፣ አንተ የሳልከው ውሸት አይደለም፤ ከበሩ ላይ ሆነህ ያየኸው ያንኑ ነው። የቀረውን ግን እኛ ሁለታችን በቅያሜ ሞላነው።

አሁን መጽሐፍህ መስታወቱ ሥር ከማበጠሪያዎቹ አጠገብ ተቀምጧል። ፀጉሩን ሊስተካከል የገባ ሁሉ መጀመሪያ ያቺን ገጽ ያያል። አባዬ ነጩን እያሳየ «እዚህ ጋ እኔ አለሁ» ይላል፤ ደንበኛውም ባይገባው «ልክ ነው ጋሼ» ይላል፤ ምን ያድርግ፣ አንገቱ ምላጭ ሥር ነው።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ «ጻፊለት» አለኝ። «ድጋሚ ሲታተም አንድ ሳጥን ይጨምርልኝ።» ቦታው ጠባብ ነው፣ ጣት እንኳ አያስገባም አልኩት። ትንሽ አሰበና «በጎን እቆማለሁ» አለ።

እንግዲህ እርሳስህን ይዘህ ና። ሲሮጥ አይተኸው አታውቅምና መጥተህ እያየህ ብትስለው ይሻላል። ጉልበቱን ስለሚያመው ቀስ ብሎ ነው የሚሮጥልህ። የምትመጣበትን ቀን ብቻ አሳውቀን። ልብስ ሰፊው በዚያ ቀን አልላጭም ብሎ ከወዲሁ ምሏል። አባዬ ደግሞ አውቶቡሱ ሳይደርስ ማቆሚያው ላይ ሊገኝ ነው።

የምትጠብቅህ እህትህ