ትናንት ማታ ቤት ያደሩ

ረቡዕ፣ ጥር 13። ከምሽቱ 1 ሰዓት

መብራት ዛሬም ጠፋ። በኩራዝ ነው የምጽፈው። ጭሱ አፍንጫዬን አጥቁሮታል፤ እናቴ የከሰል ነጋዴ መስለሻል ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ። ስትስቅ ደስ ይለኛል።

የስታቲስቲክስ ፈተና ጥር 28 ነው ተባለ። አስራ አምስት ቀን ብቻ። ይህን ትምህርት ስወስድ ሁለተኛዬ ነው፤ የመጀመሪያውን ጦርነቱ በላው። አሁን ብወድቅ ከዩኒቨርሲቲው ስንብት ነው። መ/ር ዑቕባይ ፊት ለፊት ነግረውኛል፣ ክፉ ሰው ሆነው ሳይሆን እንዳልዘናጋ ብለው።

ደግሞ የቤት ስራ ሰጡን። እያንዳንዱ ተማሪ በሰፈሩ አስር ቤት እየገባ የሰዉን ቁጥር ይዞ ይመጣል። ከዚያ አማካይ፣ ከዚያ ልይይት፣ ቁጥሮቹ ከአማካዩ የሚርቁበት ልክ። ለዓባ ሻውል ሰፈር ልጅ ይህ ምን ስራ ነው? በአንድ ግቢ አስር ቤት አለ። ከበር ሳልወጣ እጨርሰዋለሁ።

እንግሊዝኛው ለፈተና፣ ትግርኛው ለቤት። አማርኛዬ የቀረው ላንተ ብቻ ነው፣ ደብተሬ። አስራ ሁለት ዓመት የተማርኩበት ቋንቋ ነው፤ ነጻነት ከመጣ ስምንት ወሩ ነው፤ አሁን በመንገድ ላይ ጮክ ብሎ የሚናገረው የለም። እናቴም አታነበውም። ለምስጢር የሚሆን ነገር አገኘሁ ማለት ነው። ችግሩ፣ ምስጢር የለኝም።

ዓርብ፣ ጥር 15። ከምሽቱ 12 ሰዓት

አስሩን ቤት ጨረስኩ። ጉድ ነው።

ኣደይ ለተብርሃን፣ እንደ እናት የማያት፣ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታችን፣ ስንት ናችሁ ስላት ሰባት አለችኝ። ክፍሉ አንድ ነው። አይኔ ያየው አራት። ዞር ዞር ብዬ ሳይ ገባትና ቆጠረችልኝ፦ ሁለቱ ወንዶችና ሴቷ ሜዳ ናቸው፣ ለትግል ወጥተው ገና አልተመለሱም፣ ይመጣሉ። በጣቷ ነው የቆጠረችው፤ ልጆቹ ላይ ስትደርስ ጣቷን ያዝ እያደረገች። ሰባት ብዬ ጻፍኩ። እኔ ማን ነኝና ልቀንስባት?

ሌሎቹም እንደዚያው። አንዲት ሴት የባሏን ሜዳ መውጣት እንኳ አልነገረችኝም፤ ዝም ብላ ቆጠረችው። ልብሱ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

የእኛን ቤት አስረኛ አደረግሁት። እናቴ ሳታስብ፣ ሶስት አለች። እሷ፣ እኔ፣ ሚኪኤል።

ወንድሜ ሜዳ ከወጣ ዘጠኝ ዓመቱ። ያኔ አስራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ማባዛት ያስተማረኝ እሱ ነው፣ በሽምብራ። ዘረጋግቶ ቆጥሪ ይለኛል፤ ትክክል ካገኘሁ ሽምብራውን እበላለሁ። ከተሳሳትኩ እሱ ይበላል። ቶሎ የለመድኩት በሆዴ ምክንያት ነው። ነጻነት ከመጣ ጀምሮ እናቴ በየቅዳሜው ፎቶውን በነጸላዋ ይዛ የታጋዮች መኪና ወደሚቆምበት ፌርማታ ትወርዳለች። አይተኸዋል ወይ ትላለች ያገኘችውን ታጋይ ሁሉ። የሚሏት አንድ ነው። ብዙ ሰው አለ፣ እናቴ፣ ይመጣል።

ሰኞ፣ ጥር 18። ከቀኑ 9 ሰዓት

አፈርን። ክፍሉ በሙሉ።

መ/ር ዑቕባይ ወረቀቶቻችንን ተራ በተራ እያነሱ አዩ። መጀመሪያ ሳቁ። በአንድ ክፍል ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፤ የት ነው የሚተኙት፣ ጣሪያ ላይ ነው ወይ አሉ። እኛም ሳቅን። ከዚያ አንዲት ልጅ ተነስታ፣ የሜዳዎቹንም ቆጥረውልን ነው አለች። ሳቁ ቆመ። መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉ።

ከዚያ በዝግታ አስረዱን። ቆጠራ ደንብ አለው። ትናንት ማታ ቤት ያደረ ብቻ ነው የሚቆጠረው። የሚወደድ ሁሉ አይቆጠርም፣ የሚጠበቅ ሁሉ አይቆጠርም። እንደገና ሂዱ አሉን።

እሳቸውስ ቤታቸውን ቢጠየቁ ስንት ይሉ ይሆን? ማንም አልጠየቃቸውም።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ኣደይ ለተብርሃን ተቆጣችኝ። ደንቡን በትክክል ነገርኳት፣ በትህትና። ልጆቼን ከወረቀትሽ ልታወጪ ነው የመጣሽው አለችና በሩን ዘጋችው። የዘጋችብኝ ሴት በልጅነቴ ያዘለችኝ ናት። ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ዛሬ አንድም ቤት አልሄድኩም። ይህን ትምህርት ጠላሁት።

ዓርብ፣ ጥር 22። ከምሽቱ 1 ሰዓት

ነገሩ ተቃና፤ ግን ደስ አላለኝም። ለምን እንደሆነ ልጻፈው።

ጠዋት ኣደይ ለተብርሃን ራሷ ጠራችኝ። አራት ብለሽ ጻፊ አለችኝ። ቁጣዋ የት ሄደ? ጭራሽ ፀጉሬን ዳሰሰችው። ሌሎቹም ቤቶች ሳልጠይቃቸው ቀንሰው ነገሩኝ። ስገባ ይነሱልኛል፣ ተቀመጪ ይሉኛል፣ ሻሂ ይቀዱልኛል። ለፈተናዬ አዘኑልኝ መሰለኝ።

የኛን ቤት ለመጨረሻ አቆየሁት። እናቴ ልብስ እያጠበች ነበር፤ ጀርባዋ ወደ እኔ። ስለ ደንቡ ገና አልነገርኳትም። ስንት ነን አልኳት፣ እንዲያው በቀልድ።

«ክልተ» አለች። ሁለት።

እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ። ከዚያ ሳትዞር፣ ያደረውን ብቻ ነው የሚፈልጉት ብላ ለተብርሃን ነግራኛለች አለች። ሊሆን ይችላል። ለተብርሃን ያልነገረችው ነገር የለም። 2 ብዬ ጻፍኩ። እርሳሱ ግን ከበደኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23። ከቀኑ 11 ሰዓት

ወደ ፌርማታው አልወረደችም። ጉልበቴን አመመኝ አለች። በስምንት ወር ውስጥ ዝናብ እንኳ አላስቀራትም ነበር።

ሌላም። ነጩን ሻሽ አስራ ነው የምትውለው፤ ስትተኛም አታወልቀውም። ብርድ ነው ትላለች። ለእኔ እንቁላል ጠበሰችልኝ፣ ለጭንቅላት ጥሩ ነው ብላ። እሷ አልበላችም።

አልጠይቃትም። ከጠየቅሁ ትመልስልኛለች ብዬ ፈራሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 26። የምጽፈው ከቤተ መጻሕፍት ነው

አሁን ምስጢር አለኝ።

ትናንት ነው የሆነው። የከሰዓቱ ማጠናከሪያ ትምህርት ቀረና ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ቤት ተመለስኩ። ቤታችን ዝግ ነው። የኣደይ ለተብርሃን በር ግን በትንሹ ከፈት ብሏል። በስንጥቁ አየሁ። ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጥቁር ለብሰው። የነጸላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ያለቅሳሉ፣ ድምጽ እንዳይወጣ። እናቴ መሃል ናት። ሻሿ ጭኗ ላይ። ፀጉሯ የለም። ተላጭታለች። ጭንቅላቷ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።

ስሙን ስትጠራ ሰማሁ። ሚኪኤል ወደይ። ልጄ ሚኪኤል። እያንሾካሾከች።

አንዲቱ፣ ከልጅቷ እስከ መቼ ይደበቃል አለች። ኣደይ ለተብርሃን፣ ሓሙስ ትፈተናለች፣ ዓርብ ንጋት ሽማግሌዎች ይዘን ገብተን እንነግራታለን አለች። ከዚያ እናቴ ተናገረች፦

«ጦርነቱ አንድ ጊዜ ትምህርቷን ወስዶባታል። ሁለተኛ እኔ አልወስድባትም።»

ተመለስኩ። በቤት ጊዮርጊስ መንገድ ሽቅብ ወጣሁ፤ እግሬ እንጂ እኔ አልነበርኩም የሄድኩት። ምጽዋ የሚወርዱ መኪናዎችን እያየሁ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እንባ አልመጣም። ከትምህርት በምመለስበት ሰዓት፣ አስራ አንድ ላይ ወደ ቤት ገባሁ። እናቴ ፊቷን ታጥባለች። ሻሹ በቦታው ነው። ትምህርት እንዴት ነበር አለችኝ።

«ጽቡቕ» አልኳት። ደህና።

የሰማሁት ሌላም አለ። ጓደኛው የነበረ ታጋይ ነው መጥቶ የነገራት። ሚኪኤል ከሞተ ሶስት ዓመቱ ነው። ሶስት ዓመት ሙሉ ሶስት ነን ስንል ሁለት ነበርን።

ረቡዕ፣ ጥር 27። ከምሽቱ 2 ሰዓት

ነገ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ነኝ፤ እሷ ከኋላዬ አልጋው ላይ። አንድ ክፍል ነው ያለን። ስትተነፍስ እሰማታለሁ። ትንፋሿ ሲቆራረጥ ታስላለች፣ ሳል እንዲመስልብኝ። እኔ ዓይኔ ሲሞላ ጭሱ ነው እላለሁ። ጭሱ ጠቀመን።

ተናደድኩባት። ወንድሜ ሞቶ እኔ ልይይት አሰላለሁ? ይህን ማን አዘዘ? ነጥብ ለሞተ ሰው ምን ያደርግለታል? ተነስቼ ልጮህባት ነበር። ከዚያ ግን፣ ቀን ቀን በሰው ቤት ምንጣፍ ላይ ነጸላ ነክሳ የምታለቅሰው ለእኔ መሆኑ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

መውደቅ አልችልም። ያ ብቻ ነው የሚታየኝ። ብወድቅ ይህ ሁሉ ያፈነችው ለቅሶ በከንቱ ይሆንባታል።

ቀመሮቹን አስር ጊዜ ጻፍኩ። እያንዳንዱን ቁጥር ከአማካዩ ቀንሺ። በራሱ አባዢ። ደምሪ። ሽምብራ የምትበላውን ልጅ አሰብኳት። አልቻልኩም። እንደገና ጀመርኩ።

ሓሙስ፣ ጥር 28። ከቀኑ 10 ሰዓት

ጠዋት እስከ ዩኒ. በር ሸኘችኝ። አድርጋው አታውቅም። በሩ ላይ ደረቴን በመስቀል አማተበችልኝ።

ፈተናው አምስት ጥያቄ ነበር። የመጀመሪያውን ሁለቴ አነበብኩት። እኛው ያመጣነው ነው፤ የክፍሉ ልጆች የቆጠርናቸው ቤቶች፣ የተስተካከሉት፣ ያለ ስም በተርታ። አራት። አምስት። ሶስት። ከታች በኩል ሁለት የሚል ቁጥር አለ። ብዙ ሁለት ነበረ፤ ያኛው ግን የኛ ነው፣ ከኣደይ ለተብርሃን አራት ጀምሬ ስቆጥር አስረኛው። አማካዩን አወጣሁ። ከሁለት ላይ ቀነስኩ። ከአማካዩ ምን ያህል እንደራቅን በቁጥር አገኘሁት። እስከ ሁለት የአስርዮሽ ቤት።

ሁሉም ገባኝ። አንዱም አልጠፋኝም። ለምን ዛሬ እንደዚህ ቀለለኝ? ሦስት ሰዓት ተሰጥቶናል፤ በአንድ ሰዓት ተኩል ጨረስኩ።

ግን አልተነሳሁም። ሰው እየሰጠ ይወጣል፤ እኔ ተቀምጫለሁ። ይህን ወረቀት ካስረከብኩ ሚኪኤል ይሞታል ብዬ አሰብኩ። እስካሁን ለእኔ አልተነገረኝም፤ ፈተና ላይ እስካለሁ ማንም አይነግረኝም። ብዕሬን ይዤ እንደሚያስብ ሰው ጎንበስ አልኩ። የመስኮቱ ጸሐይ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲሄድ አየሁ። መጨረሻ ላይ እኔና መ/ር ዑቕባይ ብቻ ቀረን። አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ወረቀቱን አዩት፤ ሙሉ ነው። ሰዓቱ እስኪያልቅ ጠበቁኝ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱት።

እናቴ በሩ ላይ ነበረች። አልሄደችም ኖሯል፤ ሦስቱንም ሰዓት እዚያው ቆማለች። እንዴት ሆነልሽ አለች። አልፌያለሁ አልኳት። ፊቷ ለጥቂት ጊዜ በራ፤ ከዚያ እንደገና ጠፋ፤ ነጸላዋን አፏ ላይ አደረገች።

በዚያው ቀን። ከምሽቱ 1 ሰዓት

ኣደይ ለተብርሃን ከጎረቤት ወንበር ስትለምን አየኋት። ንጋት ላይ ለሚመጡት ሽማግሌዎች ነው። እናቴ ዛሬ በጊዜ ተኚ፣ ደክሞሻል ትለኛለች። ነገ በሩ ሲንኳኳ ደንግጬ እንድነሳ ይጠበቃል። እንደማላውቅ ሆኜ እንድሰማ። ይህን ላደርገው አስቤ ነበር። ደንቡ እንደዚያ ነውና።

አሁን ግን ዞር ብዬ አየኋት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ እጇ ጭኗ ላይ፣ ሻሿ እስከ ቅንድቧ ተጠምጥሞ። ሳምንት ሙሉ እንባዋን ያላፈሰችባት ቤቷ ይህች ናት። አንድ ሌሊት ጨምራ ልትታገስልኝ ነው።

ምን ትጽፊያለሽ፣ ፈተናው አልቆ የለም ወይ አለችኝ። ቁጥር ነው አልኳት።

ንጋትን አልጠብቅም። ብዕሩን አስቀምጬ እነሳለሁ። አጠገቧ እቀመጣለሁ። ሻሿን በራሴ እጅ እፈታላታለሁ።