ጋሽ ምላጭን በማጣታችንና በመቃብራቸው ላይ ስለሚነጠፈው ሣር ከጎልፍ ክለባችን የተሰጠ የሐዘን መግለጫ

ለክለባችን አባላት፣ ለሠራተኞቻችንና ለስፖርቱ ወዳጆች በሙሉ፦

የክለባችን የሣር እንክብካቤ ክፍል ኃላፊ የነበሩት፣ ሜዳውን እንደ ጺም አስተካክለው ስለሚላጩት በባልደረቦቻቸው ዘንድ «ጋሽ ምላጭ» እየተባሉ የሚጠሩት አንጋፋ ባለሙያ፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። የክለቡ ሥራ አመራር ቦርድና መላው ሠራተኛ የተሰማውን መሪር ሐዘን ይገልጻል።

ይህ መግለጫ አንድ ቀን የዘገየው ቦርዱ በቃላቱ ላይ መስማማት አቅቶት ነው። በዚህ መሐል ከአጥራችን ወዲያ ያለው ጎረቤት ክለብ ቀድሞን የራሱን መግለጫ በሩ ላይ ለጥፎ «አባታችንን አጣን» ብሏል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል ይህን። ጋሽ ምላጭ እዚያ የሠሩት ሁለት በጋ ብቻ ነው። ከእኛ ጋር ግን ጥቁር ፀጉራቸው ነጭ እስኪሆን ኖረዋል።

ክለባችንን የተቀላቀሉት በጉልበት ሠራተኛነት ነበር። በተቀጠሩበት የመጀመሪያ ዝናብ ወቅት ውኃ እያቆረ ተጫዋቹን ያስቸግር የነበረውን ሰባተኛ ሜዳ ዙሪያውን ቦይ ቆፍረው አደረቁት። በዓመቱ የማጨጃ ማሽን ኦፕሬተር ሆኑ፤ ቆይተውም የክፍሉ ኃላፊ ተደርገው ተሾሙ።

በትልቁ ድርቅ ዓመት፣ ውኃ በተራ ሲታደል፣ ኳሷ የምትገባባቸው ጉድጓዶች ያሉባቸውን፣ እኛ «ግሪን» የምንላቸውን ልስልስ መደቦች ብቻ እያጠጡ ሌላው ሜዳ ቢጫ እንዲሆን ፈቀዱ። አባላት ጮኹ። እሳቸውም «ተኝቷል እንጂ አልሞተም፤ አትቀስቅሱት» ብለው መለሱ። ዝናቡ ሲጥል ሜዳው ተነሣ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ግሪኖቹን በመብሻ ማሽን እንደ ወንፊት በስተው አሸዋ ይበትኑባቸው ነበር። መሬቱ እንዲተነፍስ ነው። ሜዳው ግን ለሳምንታት ፈንጣጣ የወጣበት ፊት ይመስላል። የቦርዱ ሊቀመንበር «ውድድር አለብን፣ ዘንድሮ ይለፈን» ብለው ስንት ጊዜ ቢለምኗቸውም አንድም ጊዜ አልተሳካላቸውም። ውርጭ በጣለበት ጠዋትም ፀሐይ ሣሩን ሳታሞቅ ማንም እንዲረግጠው አይፈቅዱም። የተረገጠው ቦታ ጠቁሮ ይቀራልና። ሊቀመንበሩ ጓንታቸውን እንዳጠለቁ ከሜዳው ዳር ተገትረው ፀሐይ የጠበቁበትን ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ያስታውሰዋል።

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው እንዳይባልብን እውነቱን እንናገር፦ ጋሽ ምላጭ ትሑት አልነበሩም። ጉረኛ ነበሩ። እንግዳ መጥቶ ሜዳውን ሲያደንቅ የሚመሰገነው ክለቡ ሳይሆን እሳቸው እስኪሆኑ ድረስ ከእንግዳው አጠገብ አይለዩም። እኛም ወደን ኮራንባቸው።

የጡረታ ዕድሜያቸው ሲደርስ በክብር ሸኘናቸው፤ የእጅ ሰዓትም ሸለምናቸው። በማግስቱ ያንኑ ሰዓት አስረው በጎረቤት ክለብ በር ሲገቡ ታዩ። ምነው ቢባሉ፣ «ሣር ጡረታ አያውቅም፤ እነሱም ዕድሜዬን አልጠየቁኝም» አሉ። ሰው ወዶ በሄደበት አይወቀስም፤ ሆዳችን ግን ተቃጠለ። በተከታዩ በጋ የእኛ ሜዳ ቢጫ ሲሆን የእነሱ ለመለመ፤ ብርድ የሚችል ዘር በወቅቱ ዘርተውላቸው ነበር። ይባስ ብለው የማጨጃችንን ድምፅ ከአጥር ማዶ እየሰሙ «ስለቱ ዶልዱሟል! ሣሩን እየገነጠላችሁት ነው!» እያሉ ይጮሁብን ነበር። ስለቱን ሞረድነው። ንግግሩ ግን የመጣው ከእነሱ ሜዳ በመሆኑ እስካሁን ያንገበግበናል።

ጋሽ ምላጭ መቃብራቸው ሣር እንዲለብስ ተናዘዋል፤ ከየትኛው ሜዳ እንደሚመጣ ግን አልተናገሩም። ሁለቱም ክለቦች «ከእኛ ይሁን» ብለው ጠየቁ። ቦርዳችንም ከዘጠነኛው ሜዳ ሣር ከነአፈሩ ተቆርጦ እንዲነሣ፣ ምክትላቸው ለነበሩትና ዛሬ በቦታቸው ለተተኩት ባለሙያ ትእዛዝ ሰጠ። ባለሙያው አሻፈረኝ አሉ። «በዚህ ወቅት የእኛ ሣር ተኝቷል። አሁን ከሥሩ ቢቆረጥ አይጸድቅም። ጋሼን የሞተ ሣር ላልብሳቸው?» ቦርዱ በድጋሚ ሲያዛቸው መቁረጫውን ሊቀመንበሩ እግር ሥር አስቀምጠው ወጡ። ሊቀመንበሩ መቁረጫውን አነሡ፤ ቢጫውን ሜዳ አዩ፤ መልሰው አስቀመጡት።

ጉዳዩን ለጋሽ ምላጭ ባለቤት ለማስረዳት የሁለቱ ክለቦች ተወካዮች በአንድ ጊዜ ቤታቸው ደረሱ። ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንከራከር ባለቤታቸው ክርክራችንን አቋረጡ። ከዚያም እንዲህ አሉ፦

«በሕይወት ሳሉ ወሰዳችሁብኝ። እሑድ እንኳ ሣር ላይ ነበሩ። በማን ነው የምቀናው እያልኩ ዕድሜዬ አለቀ፤ በሴት እንዳልቀና ሣር ነው። አሁን ደግሞ አስከሬናቸውን ትሻሙብኛላችሁ?»

ቀጥለውም ወደ ጎረቤት ክለብ ሰዎች ዞሩና «የእናንተ ይነጠፍ፤ ሕይወት አለው» አሏቸው። ወደ እኛም ዞረው «እስኪይዝ ድረስ የምታጠጡት ግን እናንተ ናችሁ» አሉ።

ቦርዱ ውሳኔውን የተቀበለው ከረጅም ክርክር በኋላ ነው። «የእነሱን ሣር እኛ ልናለማ?» ያሉ አባላት ነበሩ። ይህ ቅናት ነው ለሚለን፣ አዎ፣ ቅናት ነው። ቢሆንም አዲስ የተነጠፈ ሣር ሥር እስኪሰድ አንድ ቀን እንኳ ሊጠማ እንደማይገባው ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው የለበሱትን ሣር ደግሞ በጥም አንገድልም። ስለዚህ ሠራተኞቻችን ተራ ገብተው ጠዋትና ማታ ወደ መቃብሩ እንዲሄዱ ተወስኗል። የመጀመሪያውን ተራ ሊቀመንበሩ ጠይቀው ወስደዋል።

ለባለቤታቸው፦ እሑዶችዎን መመለስ አንችልም፤ ይህንንም በማወቃችን እናዝናለን። ለልጆቻቸው፣ ለወንድም እህቶቻቸውና አብረዋቸው ጠል ሲያራግፉ ላነጉ ባልደረቦቻቸው ሁሉ ጽናቱን ይስጣችሁ። ለጎረቤት ክለብ ሠራተኞች ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው ለማለት አፋችን ይከብደዋል፤ ነገር ግን ነው።

ሥርዓተ ቀብራቸው ነገ ከቀትር በኋላ ይፈጸማል። ጎረቤቶቻችን ሣሩን ተሸክመው ሲደርሱ የውኃ ቱቦውን ይዘን እንጠብቃቸዋለን።

የክለቡ ሥራ አመራር ቦርድና ሠራተኞች