አባትሽ ያልከፈቱት አፍ

ሰኔ ፲፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.
ሞላሌ

ለሆዴ ልጅ ለፀደንያ፤

እንደምን ከርመሻል የኔ እናት? የዱባይ ሙቀት እንዴት ያደርግሻል? እኛማ ዝናቡ ገብቶልናል፣ ገብሱ ተዘርቷል፣ በጎቹም ደህና ናቸው። እንዲህ ጀምሬ "ሁሉ ደህና ነው" ብዬ ብጨርሰው ምንኛ ደስ ባለኝ! አልሆነልኝም። በስልክ እንዳልነግርሽ አባትሽ ድምፁን ካልለቀቁት አያወሩበትም፤ እኔ ብቻዬን ልደውል ስልም "ማናት? ፀዱ ናት?" እያሉ ከጎኔ ቁጭ ይላሉ። ጓደኛሽ ኮከብ እሑድ ወደዚያው ስለምትመለስ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ልጄ፣ ለአባትሽ ያሰብሽውን ያንን የቱርክ ሐኪም ቤት ተይው። በሞቴ ተይው።

እንዳትቆጪኝ። ከሥራ መልስ እየደከመሽ ስልክሽ ላይ አፍጥጠሽ እንደመረጥሽው አውቃለሁ። ከአውሮፕላን ማረፊያ ይቀበላሉ፣ ማደሪያ ይሰጣሉ፣ አስተርጓሚ አላቸው ብለሽኛል። ግን በላክሽልኝ የሐኪም ቤቱ ፎቶ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ይስቃል! ሐኪሙ ይስቃል፣ ነርሷ ትስቃለች፣ በሽተኛው እንኳ እንደ ሙሽራ ይስቃል። የታመመ ሰው የሌለበት ሐኪም ቤት ምን ያደርግልናል? ጥርሱን ሊያሳምር ለሚሄድ ይሁንለት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ሐኪሞቹ "አፋቸውን ፎቶ አንስታችሁ ላኩ" ያሉ ጊዜ አባትሽ ስልኩን ይዘው ወደ ጓሮ ሄዱ። "ይሥሐቅ ያነሳኛል፣ ያንቺ እጅ ይንቀጠቀጣል" አሉኝ፤ እኔም አጎትሽ ካለ ብዬ ተውኩት። ከዚያ መልሱ መጣ። ድዱ ጤነኛ ነው፣ የጎደሉት ጥርሶች ይተከላሉ፣ ቶሎ ይመለሳሉ ተባለ። አባትሽ እልል ማለት ብቻ ነው የቀራቸው። "አየሽ አመተሥላሴ! በከንቱ ነው የተጨነቅሽው። ፍልሰታን እኔው ነኝ የምቀድሰው!" አሉኝ።

ሐኪሞቹ ምልክት አድርገው የመለሱትን ያንን ፎቶ ባለፈው ስትልኪልን አባትሽ ወደ ደብር ሄደው ነበር። ከፍቼ አየሁት፤ ደግሜ አየሁት። ወይ ጉድ! አፉ የአባትሽ አይደለም። የፊት ጥርሱ ጫፉ ተሸርፏል። ያንን ጥርስ ደግሞ አገር ያውቀዋል፤ ይሥሐቅ ጓሳ ሣር ሊያጭድ ወጥቶ ፈረስ በረገጠው ጊዜ የተሸረፈ ነው።

አስጠራሁት። "ና፣ አፍህን ክፈት" አልኩት።

"ምነው እትዬ? ምን ተገኘ?"

"ክፈት ብዬሃለሁ!"

ከፈተ። ያው ነው። አንገቱን ደፍቶ፣ "ምን ላድርግ እትዬ" አለኝ። "ወንድም ጋሼ 'ለቅዱስ ቁርባን የምከፍተውን አፍ ለስልክ አልከፍትም' አሉኝ። ካህን ናቸው፣ ምን ልበላቸው? ኋላ ደግሞ 'አንተው ክፈትልኝ፣ ያው የአንድ እናት ልጆች አይደለን' አሉኝ።" ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ግን እትዬ፣ ድዴ ጤነኛ ነው ማለታቸው የምር ነው?"

ሳቄ አመለጠኝ። ግን ጤነኛ የተባለው የይሥሐቅ ድድ ነው እኮ! አባትሽ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ግን መልሱን ከሰሙ ወዲህ ከልባቸው አምነውታል። "ሐኪሞቹ ምንም የለህም ብለውኛል" እያሉ ላገኙት ሁሉ ያወራሉ። ሰው ራሱን እንዲህ ያታልላል? ፈርተው ነው ልጄ። አባትሽ ሲፈሩ አይቼ አላውቅም ነበር።

የእሳቸው አፍ እንዲህ ነው። ደብረ ብርሃን መንጋጋ ጥርሳቸው ከተነቀለ ወዲህ ቁስሉ አልገጠመም። ያን ጊዜ ሐኪሙ ከቁስሉ ናሙና ወስዶ ሊያስመረምር ፈልጎ ነበር፤ እሳቸው "እመለሳለሁ" ብለው ወጡ፣ በዚያው ቀሩ። አሁን ከምላሳቸው ሥር፣ በዚያው በኩል፣ ነጭ ነገር ወጥቷል። ጠዋት ትራሳቸው ደም ነው። ክርንፉዱም ጸበሉም አላቆመውም። ቆሎ ስሰጣቸው ዘግነው ወደ ደጅ ይወጣሉ፣ በላሁ ለማለት። ዶሮዎቹ ለምደውባቸው ገና ብቅ ሲሉ ይንጋጉባቸዋል። የዚያን ክፉ በሽታ ስም እኔ አልጠራውም፤ አንቺም አትጥሪው።

ደም የሚፈሰው ካህን ደግሞ መቅደስ ገብቶ እንደማይቀድስ ታውቂያለሽ። ለደብሩ ሰው "ጉልበቴን አሞኛል" ብለዋል። የእሳቸው ጉልበት እንኳን ሜዳ ገደል ይወጣል።

ኮከብ ልትሰናበተን የመጣች ቀን፣ አባትሽ ምሳ በልተው፣ ኧረ ምኑን በሉት፣ አጥሚት ጠጥተው መደቡ ላይ ጋደም እንዳሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አፋቸው ተከፈተ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ "አንሺ" አልኳት። ስልኳ ላይ አለ። አንድ ጊዜ አየሁትና መለስኩላት። ደብዳቤውን ብቻሽን አንብቢ ብያለሁ፤ ፎቶውን ግን ብቻሽን እንዳታዪው። ኮከብ አጠገብሽ ትሁን።

እኔን ከጠየቅሽኝ ከቱርኩ ጋር ፎቶውን የላክሽልኝ ያ የሕንዱ ሐኪም ቤት ይሻለኛል። መነጽር ያደረጉት ሽማግሌ ሐኪም አይስቁም። ከኋላቸው አግዳሚ ላይ ጉንጩን በሻሽ ያሰረ ሰው ተቀምጧል። አንቺ "ይሄማ ያረጀ ቤት ነው እማዬ" ብለሽ አለፍሽው፤ እኔ ግን ያንን ሰውዬ ሳየው ልቤ አረፈ። ለካ የታመመ ሰውም ይቀበላሉ አልኩ። ደግሞ እኔ ምን አውቃለሁ? በፎቶ ሐኪም የሚመርጥ ሞኝ ነው ብትዪኝ እውነትሽን ነው። እንግዲያው እውነተኛውን ፎቶ ለሁሉም ላኪላቸው። "ቀላል ነው" ያለሽን እርሺው፤ "ነገ ዛሬ ሳትዪ አምጫቸው" ያለሽን ምረጪ። ለቱርኩ የሰጠሽው ቀብድ ቢቀር ይቅር፣ የጤና ይሁን።

ለአባትሽ ይህን እንዳትነግሪያቸው። "ለጥርስ የተሻለ አገር አገኘሁ" በያቸው። ውሸቱን የጀመሩት እሳቸው ናቸው፤ ንስሐውን አብረን እንገባለን።

ትላንት ሚካኤል ነበር። በቅዳሴው ሰዓት አባትሽ ከጽዱ ሥር ብቻቸውን ቆመው አየሁ። አንጀቴ አልችል አለኝና ሴቶቹን ትቼ አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። ከተጋባን ጀምሮ ጎን ለጎን ሆነን አስቀድሰን አናውቅም፤ እሳቸው መቅደስ፣ እኔ ደጅ። ሙሽራ ሳለሁ "ምናለ አንድ ቀን እንደ ሰው ባል አጠገቤ ቢቆም" እል ነበር፤ ይኸው ሞላልኝ። ከውስጥ የቄስ ኃይለ ኢየሱስ ድምፅ ሲመጣ አባትሽ የእሳቸውን ድርሻ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው በልባቸው ይሉት ነበር። ነጠላውን ሲያወርዱት ጠርዙ ቀልቷል። አይተውኝ እንዳያፍሩ ፊቴን ወደ ጽዱ አዞርኩ።

የሊቀ መላእክት ክንፍ ይጋርድሽ፣ ከክፉ ሰውና ከክፉ ቀን ይሰውርሽ፣ በወጣሽበት ግቢልኝ። ፀዱዬ፣ አባትሽን አጠገቤ አልፈልጋቸውም። ወደ መቅደሱ መልሺልኝ።

እናትሽ አመተሥላሴ