በጀልባችን ወለል ላይ ስለተመታው ምንጣፍ ለሊቀመንበራችን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ዘመነ ንብረት
የሐይቅ ዳር ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሊቀመንበር
ፎገራ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ይህ ክረምት የወገብ ሕመምዎን እንዳልቀሰቀሰብዎ፣ ደራሽ ውሃውም ወረታ ካለው ቤትዎ ደጅ እንዳልደረሰ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ መረብ እጠግናለሁ። ሰው ሁለት ጊዜ ካልጠራኝ አልሰማም እንጂ ሌላ የጎደለኝ ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ አሽጌ ከመላክ ይልቅ በማኅበሩ መጋዘን በር ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ምስጋና በሰው ፊት ሲሆን ያምራል ብዬ ነው። በስብሰባ ላይም ነገር ሁሉ በተራ ቁጥር እንዲቀርብልዎ ስለሚወዱ እንደ ልማድዎ አድርጌዋለሁ።

፩ኛ. ዓሣ እንድናጠምድባት የተሰጠችንን የእንጨት የሞተር ጀልባ ምንጣፍ ስላለበሱልን እናመሰግናለን። እኛ ለጀልባ የሚያስፈልጋት ውሃ አለማስገባት ብቻ ይመስለን ነበር። እርስዎ ግን ከላይ የሚመጡ እንግዶች ሱሪያቸውን የዓሣ ቅርፊት ሳይነካው ሐይቁን መጎብኘት እንዳለባቸው ቀድመው አሰቡ። ደብራችን አዲስ ምንጣፍ ሲያነጥፍ የተነሣውን አሮጌውን ቀይ ምንጣፍ ከአስተዳዳሪው ከቄስ ወልደ ሥላሴ ለምነው አመጡልን።

፪ኛ. ያንን ምንጣፍ አጽድቼ ነፍስ እንድዘራበት እኔን ስለመረጡኝ በግሌ አመሰግናለሁ። ምእመን ሃያ ዓመት ስለቆመበት ጸጉሩ ተኝቶ ከወለሉ ጋር አንድ ሆኖ ነበር። በገመድ ላይ ሰቅዬ አሸዋውን በዱላ አራገፍኩ። የጧፍ ሰም የፈሰሰበትን ቦታ ሁሉ ወረቀት ደርቤ በከሰል ካውያ እየተኮስኩ ሰሙን ወደ ወረቀቱ አወጣሁት። እንዶድ ቀጥቅጬ በአረፋው ሁለት ጊዜ አጠብኩት፤ ፀሐይ ቀለሙን እንዳይበላው በጥላ አደረቅሁት፤ የተኛውን ጸጉር በብሩሽ ወደ ላይ እያበጠርኩ አስነሣሁት፤ ያለቀውን ጠርዝ ደግሞ በመረብ ክር ሰፋሁት። በስድስተኛው ቀን ቀዩ ቀይ ሆነ። ደስ አለኝ፤ በእጄ ከሠራሁት ሁሉ እንደዚያ የኮራሁበት አልነበረም። ያኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የነበረችው ባለቤቴ ታይቱ ልታየው መጥታ ጎንበስ ብላ ተሳለመችው። ከዚያም እንግዳ እንዳያደናቅፍ ዙሪያውን በቀጭን ጣውላ ይዤ በሰባ አራት ትንንሽ ሚስማሮች በጀልባዋ ወለል ላይ መታሁት። ሚስማሩን ያበዛሁት እኔ ነኝ፤ ይህ በእርስዎ ጥፋት እንዲቆጠር አልፈልግም።

፫ኛ. ስለ ንጽሕናችን እናመሰግናለን። ምንጣፉ የቤተ ክርስቲያን ነበርና ማንም ሳያዘን ጫማችንን እያወለቅን መሳፈር ጀመርን። ዓሣ መጫንም ነውር መሰለን። የሞተሩ ነጂ አበረ ዓሣውን በደንገል ታንኳ ጭኖ፣ ታንኳውን ከጀልባዋ ኋላ አስሮ ይጎትት እንደነበር እርስዎም አይተዋል፤ ጀልባዋ ባዶዋን ከፊት፣ ዓሣው ከኋላ። ሴቶቻችንም በወር አበባቸው ሰሞን አንሳፈርም ብለው ወደ ወረታ ገበያ በእግራቸው ጭቃውን ይዘልቁ ነበር። እርስዎ ይህን ሁሉ ዳር ቆመው እያዩ ራስዎን በእሺታ ይነቀንቁ ነበር። ምንጣፉ አንድ ቀን እንኳ አልቆሸሸም።

፬ኛ. ነሐሴ ሃያ ሁለት ቀን ስልክዎን ስላነሡልኝ አመሰግናለሁ። በዚያ ጠዋት የርብ ወንዝ ከአፉ ወጥቶ የሩዙን ማሳ ከነመንገዱ ውጦት ነበር። ታይቱ ምጥ ይዟት ደም ይፈስሳት ስለነበር በቃሬዛ ተሸክመን ጀልባዋ ድረስ አደረስናት። እንደዚያ ባለ ደራሽ ላይ የደንገል ታንኳ ይገለበጣልና ከጀልባዋ ሌላ መውጫ አልነበረንም። ታይቱ ምንጣፉን ስታይ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች። የታቦት ደጅ የነበረ ምንጣፍ እንዲህ ሁኜ አልረግጥም፣ ልጄን ይቀስፍብኛል አለች። ብርድ ልብስ እንደርብበት ብንላት ደሙ ይዘልቃል አለች። ማንም አልተቆጣትም፤ እኔም አልተቆጣኋት፤ ልክ ናት ብዬ ነበርና። ደውዬም ታይቱ ያለችውን ነገርኩዎና ምንጣፉን ለማንሣት ፈቃድዎን ጠየቅሁ። እርስዎም በተለመደው ትሕትናዎ አንሣው፣ ግን እንዳይቀደድ፣ ሐሙስ እንግዶች አሉ አሉኝ። ጤናዋንም ጠየቁኝ። ሌላ የጨመሩት ቃል አልነበረም።

፭ኛ. ይህ ነጥብ እርስዎን ሳይሆን እኔን ይመለከታል፤ ሆኖም መዝገቡ የተሟላ እንዲሆን ይግባ። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። ጠርዙ እንዳይተረተር ከእያንዳንዱ ሥር የቢላ ጫፍ እያስገባሁ፣ ቀስ እያልኩ ነቀልኩ። አበረ በአንድ ጊዜ ልቦጭቀው ብሎ ጠርዙን ሲይዝ እጁን መታሁት። ታይቱ ከጎኔ በቃሬዛው ላይ ነበረች። እየሰማኋት ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ፤ ምንጣፉም አንድ ክር ሳይበጠስ ተጠቅልሎ ወጣ። ከዚያ በተጥለቀለቀው ሩዝ ላይ አቋርጠን ከፍ ካለው መንገድ ደረስን፤ ከዚያም በባጃጅ ወረታ ጤና ጣቢያ ገባን። አዋላጇ ማዳመጫዋን ከታይቱ ሆድ ላይ ለረጅም ጊዜ አላነሣችም። በመጨረሻ የሕፃኑ ልብ መምታት ካቆመ ብዙ እንዳልቆየ ነገረችን። ብዙ እንዳልቆየ። ወንድ ልጅ ነበር። አላለቀስኩም፤ እስከ ዛሬም አልመጣልኝም።

ሐሙስ እንግዶችዎ አልመጡም፤ መንገዱ በውሃ ተቆርጦባቸው ነበር። ምንጣፉን ሳልጎዳ ስላነሣሁ ያመሰገኑበት በማኅተም የጸናው ወረቀትዎ ግን ደርሶኛል። በአክብሮት አስቀምጬዋለሁ።

፮ኛ. በመጨረሻም ምስጢር ስለመጠበቅዎ እናመሰግናለን። በሳምንቱ ቄስ ወልደ ሥላሴ ሊያጽናኑን ቤታችን መጥተው ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው። ምንጣፉን የሰጡዎት ቀን በአፋቸው እንደነገሩዎት ገለጹልን። ይህ ንዋየ ቅድሳት አይደለም፤ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ አሮጌ ምንጣፍ ነው፤ ዓሣም ይጫንበት፣ ያደፈም የነጻም ይርገጠው፣ ለሕዝቡም ይህንኑ ንገርልኝ ብለውዎት ነበር። እርስዎም እሺ አባ ብለው መስቀላቸውን ተሳልመዋል።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ክፉ ሰው ነዎት አልልም። ምንጣፉ እንዳይቆሽሽ ፈለጉ፤ ሕዝቡ ደግሞ ሳይታዘዝ በራሱ ፍርሃት ይጠብቅልዎ ነበር፤ ዘበኛ መቅጠርም አላስፈለገዎትም። ስለዚህ ዝም አሉ። በዚያ ጠዋት በስልክ ሳናግርዎ ግን ቃሉ በአፍዎ ነበር። ትርገጠው ቢሉኝ ኖሮ ለታይቱ እነግራት ነበር፣ የቄሱ ቃል ነው እላት ነበር፣ ትሳፈር ነበር። ያንን አንድ ሰዓት ቁጭ ብዬ አስበዋለሁ። መረብ ስጠግንም አስበዋለሁ። ንዴት ይመጣል ብዬ እጠብቃለሁ፤ እሱም አልመጣም።

ታይቱ ከቤት አትወጣም። የቄሱን ቃል ከሰማች ጀምሮ ያንን ሰዓት ያጠፋሁት እኔ ነኝ ትላለች። ያጠፋነው ሦስት ሆነን ነው ብላት አትሰማኝም። ከእርስዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥተው፣ ማይክሮፎኑን ጠጋ አድርገው፣ ቄሱ የነገሩዎትን ለሕዝቡ ይናገሩ። ከቀኑ አጀንዳዎች መጨረሻ ላይ፣ ከልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር ቢያስገቡትም ቅር አይለኝም።

ለማኅበራችን ስላደረጉት መልካም ነገር፣ ላላደረጉትም ጭምር ያለኝን የማያልቅ ምስጋና ዳግም እየገለጽኩ፣ ረጅም ዕድሜ፣ ደረቅ ደጅና ንጹሕ ወለል እመኝልዎታለሁ።

አክባሪዎ
ሰውመሆን ባየህ
ዓሣ አጥማጅና የምንጣፍ አጣቢ

ግልባጭ፦
ለቄስ ወልደ ሥላሴ
ጫማውን እያወለቀ ለሚሳፈር ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለመስቀል ሰሞን እንግዶች ምንጣፉን መልሼ እንድመታው ያዘዙኝን ዛሬ ጠዋት ፈጽሜያለሁ። ጎረቤታችን ሰብለ ወንጌል ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች፤ ውሃው ደግሞ ገና ከመንገዱ አልወረደም። ምጥ ሲይዛት አንድም ሚስማር አልነቅልም፤ ምንጣፉ ላይ አስተኝቼ እወስዳታለሁ፤ ቄስ ወልደ ሥላሴም አብረዋት እንደሚሳፈሩ ቃል ገብተውልኛል። የሚያጥብልዎትን ሰው ከአሁኑ ይፈልጉ።