ብየዳው የት ይሁን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ እንደ አሮጌ መዶሻ ነኝ፤ እጀታው ቢላላም ብረቱ ደህና ነው።

የታዘዝናቸውን ጥቂት የብስክሌት ፍሬሞች የት እናሠራ እያልን ከወንድምሽ ጋር ስንጨቃጨቅ ከረምን። «አባዬ፣ ብየዳውን ለፋብሪካ እንስጥ» ይለኛል። «እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ዕድሜዋን ሙሉ የነዳችውን ብስክሌት ፋብሪካ ነው የበየደላት?» ብዬ አፉን አስዘጋሁት። እዚሁ እኔው ልበይድ ተቆረጠ።

ዘንድሮ የሚሸጡት አምፖሎች ግን ብርሃን የላቸውም። ደጋግሜ ቀየርኩ፣ ያው ነው። የመጀመሪያውን ፍሬም በየድኩና እንደ ልማዴ ቀጥነቱን ለማየት ከፊት እስከ ኋላ ሲባጎ ወጠርኩበት። ልክ ነው አልኩ። ወንድምሽ ጎማ ቢገጥምበት ጎማው ፍሬሙን ታክኮ አልዞር አለ። «ያመጣኸው ቧንቧ ጠማማ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። ያ ተከራካሪ ልጅ መከራከሩን ትቶ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ።

በማግስቱ ብየዳው ወደ ፋብሪካ ይሂድ አልኩ። ተሸንፎ ነው እንዳትዪ! ተበይዶ ሲመጣ ሞረዱ የኔ ነው። የብየዳውን ስፌት በአውራ ጣቴ እየዳበስኩ ሳለሰልስ እንከን አያመልጠኝም።

ስትጽፊልኝ ፊደሉን ጎላ አድርጊው፤ የዘንድሮ ቀለም ፈዛዛ ነው። ፎቶ ላኪ ያልኩሽንም ተይው፤ አንቺው ራስሽ ቶሎ ነይ።

ጤናሽ እንደ ደህና ብየዳ አይላቀቅ።

እጁ ያልደከመው አባትሽ