የአባትሽ አርብ

ልጄ፣ ያለሽበት አገር ሰው እንደ ልጁ ይይሽ፤ እጅሽ የነካው ይባረክ። እኔ ጉልበቴን ከማለት በቀር ደህና ነኝ። ብርድ ነው አሉ፣ ደርበሽ ውጪ።

አባትሽ የሚሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አርብ አርብ መሥራት ተወ። «እሰይ፣ ዕረፍት!» ብዬ ነበር። እውነትም ሳሉ ቀለል አለለት፤ ያ ሲያቃስት የኖረው በርም ተጠገነ። ደሞዙ አብሮ ቀነሰ፤ እሱስ ይሁን፣ እንደምንም እንኖራለን።

የከበደኝ ሌላ ነው። ማሽኖቹ ጆሮውን እንደወሰዱት ታውቂያለሽ። እዚያ ግን በጩኸቱ ማንም ማንንም ስለማይሰማ፣ ሁሉም ከንፈር ለከንፈር እየተያየ ነው የሚያወራው፤ ሲሳሳቁ ይውላሉ። እቤት እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ እለፈልፋለሁ፤ ዞር ስል ዝም ብሎ ያየኛል። ጆሮ የሌለው የሚሆነው አርብ፣ እቤቱ ነው።

ባለፈው አርብ የሥራ ቱታውን ለብሶ በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። «ወዴት ነው?» ስለው፣ «የትም» አለኝ።

ክፉ አይንካሽ፣ የኔ ዓለም። እባክሽ አርብ ቀን በቪዲዮ ደውዪለት። ፊትሽ ብርሃን ላይ ይሁን፤ ቀስ ብለሽ አውሪው፣ ከንፈርሽን ያነባል። ስልኩን ከጠዋት ጀምሮ የደረት ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚውለው፤ ሲንቀጠቀጥ እንዲያውቀው።