አረንጓዴው አንሶላ፦ የወይዘሮ ቢፍቱ ደገፋ የሕይወት ታሪክ (1952–2018 ዓ.ም.)

“ይህች ልጅ ማን አጠገቧ እንዲሆን ትፈልጋለች?” ታላቅ እህቴ ወይዘሮ ቢፍቱ ደገፋ በ2011 ዓ.ም. ይህን ጠየቁኝ። ጥያቄው ስለ ልጄ ስለ ለሊሴ ነበር። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ታሪካቸውን ከመጀመሪያው እናገራለሁ።

ወይዘሮ ቢፍቱ ከአባታቸው ከአቶ ደገፋ ቀጄላና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዲንቄ በንቲ መጋቢት 3 ቀን 1952 ዓ.ም. ዛሬ ሀና ማርያም በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። ያን ጊዜ ቦታው የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር። ከአምስት ልጆች የመጀመሪያዋ ስለነበሩ ትምህርት የጀመሩት እኛን ታናናሾቻቸውን አዝለው ካሳደጉ በኋላ ነው። መካኒሳ ድረስ በእግር እየተመላለሱ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ።

በ1972 ዓ.ም. በአንድ ጤና ጣቢያ በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ሥልጠና ወስደው ጤና ረዳት ሆኑ፤ በ2012 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡም በዚሁ ሙያ አገለገሉ። ከሥራቸው ያገኙት አንድ ልማድ እስከ መጨረሻው አልተለያቸውም፤ መጋረጃ ሳይዘጋ ታማሚ አይገለጥም፣ ሳይጠየቅም አይነካም። በ1975 ዓ.ም. ከአቶ ከበበው ምሥጋና ጋር ትዳር መሥርተው ለሊሳን፣ ሚሳኤልንና ቤተልሄምን ወለዱ። አቶ ከበበው በ2004 ዓ.ም. በሞት ተለዩአቸው።

ጌታን የተቀበሉት በ1984 ዓ.ም. ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ መካኒሳ አቦ አካባቢ ባለችው አጥቢያችን በጸሎት አገልግሎት ተመደቡ።

ቀጥሎ ያለው እንዲጻፍ በሕይወት ሳሉ አዘዋል፤ የሴትዮዋ ስም ግን እንዳይጻፍ ብለዋል። በ1988 ዓ.ም. አንዲት ባለትዳር ሴት በጉባኤ መካከል ወደቀች። ወይዘሮ ቢፍቱና ጓደኞቻቸው ከበው በታላቅ ድምፅ ሲጸልዩላት የቤቷን ገመና ሕዝብ ሁሉ እየሰማ ተናገረች። ሕዝቡ “ርኩሱ መንፈስ ተጋለጠ!” ብሎ እልል አለ። በሳምንቱ ሴትዮዋ አልመጣችም። በወሩ ሰፈሩን ለቅቃ ሄደች። ወይዘሮ ቢፍቱ ብዙ ዓመት ሲያፈላልጓት ቆይተው በ2003 ዓ.ም. ጀሞ ኮንዶሚኒየም አገኟትና ይቅርታ ጠየቁ። “ያን ቀን የተጋለጥኩት እኔ ነኝ” አለቻቸው። ይቅርታውን ተቀበለች፤ ቁጭ ይበሉ ግን አላለቻቸውም።

ሴትዮዋ ሰፈሩን በለቀቀችበት ዓመት አንድ አረንጓዴ አንሶላ ገዙ። እሁድ እሁድ አጥበውና ተኩሰው በቦርሳቸው ይዘውት ይመጡ ነበር። ሰው ሲወድቅ ሁለት የጉባኤው አስተናጋጆች አንሶላውን ዘርግተው ይይዛሉ፤ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው ይቆማሉ እንጂ ወደ ውስጥ አይመለከቱም። እሳቸው በውስጥ ተንበርክከው የወደቀውን ሰው ስም ይጠሩታል። መቼ እንደ በላ፣ መቼ እንደ ተኛ፣ የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ ይጠይቁታል። ከዚያ ማን አጠገቡ እንዲሆን እንደሚፈልግ ጠይቀው ወደ ኋላኛው ክፍል ይወስዱታል፤ በዝግታም ይጸልዩለታል። ጌታ ነፃ እንደሚያወጣ አንድ ቀን እንኳ አልተጠራጠሩም። “ጌታ የሞተችውን ልጅ ያስነሣት ሰዉን አስወጥቶ ነው፤ ከተነሣችም በኋላ የምትበላው ስጧት ነው ያለው” ይሉ ነበር።

በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ከሌላ ከተማ አንድ አገልጋይ ተጋብዘው መጡ። ለሊሴ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ለወራት እንቅልፍ አልነበራትም፤ ብቻዋንም ታወራ ነበር። ይህን ለአገልጋዩ አስቀድሜ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ልጄ የምትድን መስሎኝ ነው። እሳቸውም በማይክ ለሕዝቡ ተናገሩት። ለሊሴ ጮኻ ወደቀች። አገልጋዩ ማይኩን ወደ አፏ አስጠግተው “ስምህን ተናገር! በማን በኩል ገባህ?” ይሉ ጀመር። ወጣቶች ስልካቸውን አወጡ።

ወይዘሮ ቢፍቱ አንሶላውን ይዘው ደረሱ። በመንገዳቸው አንዱን ወጣት “እናትህ ብትወድቅ ትቀርጻታለህ? ክተተው!” አሉት። አገልጋዩ “እናቴ፣ ሥራዬን አያቋርጡኝ” ቢሏቸው፣ “ሥራህን ቀጥል ልጄ፤ ማይኩን ግን ስጠኝ” ብለው ተቀብለው አጠፉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ያን ጥያቄ ጠየቁኝ።

“እናቷ ነኛ! ሌላ ማን አላት?” አልኳቸው።

“አንቺ ማን እንደሆንሽ አውቃለሁ። የጠየቅኩሽ እሷ ማንን እንደምትፈልግ ነው።”

እሳቸው በአንሶላው ውስጥ ጎንበስ ብለው ለሊሴን ጠየቋት። “እማዬ ትውጣ” አለች። ወጣሁ፤ ግቢው ውስጥ የውኃ ሮቶው ሥር ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምኩ። ለሊሴ ከኋላኛው ክፍል ስትወጣ ዳቦ በእጇ ይዛ ነበር። በማግስቱ ወይዘሮ ቢፍቱ ሐኪም ዘንድ ይዘዋት ሄዱ፤ ከዚያም ቀጠሮዋን አንድ ጊዜ ሳያስተጓጉሉ ለሁለት ዓመት አመላለሷት። መድኃኒቱም ጸሎቱም አልተቋረጠም።

የአጥቢያው ሽማግሌዎች ወይዘሮ ቢፍቱን ጠርተው ስለዚያ ቀን ጠየቋቸው። በመጨረሻም ለወደቀ ሰው ማይክ እንዳይቀርብ፣ ስልክ እንዳይወጣ፣ ሳይፈቅድም እጅ እንዳይጫንበት ወሰኑ። “እሳቱን አጠፉት” ብለው ከአጥቢያችን የወጡ ነበሩ። ወይዘሮ ቢፍቱ ስማቸውን በክፉ አላነሱም።

ልጄ በዚያ ክፍል ምን እንደነገረቻቸው ደጋግሜ ጠይቄአቸዋለሁ። “የእሷ ነው፤ ስትፈልግ ትነግርሻለች” ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም። የቀጠሮ ካርዷን ማንበብ ስላልቻልኩ ግን በ2012 ዓ.ም. እጄን ይዘው ወስደው የጎልማሶች ትምህርት አስመዘገቡኝ። “ጭንቀትሽን ወደ ፊደሉ አዙሪው” አሉኝ። ይህን የጻፍኩት በዚያ በተማርኩት ነው። ለሊሴ ስለ እሷ የተጻፈው እንዲነበብ ፈቅዳለች። አስቀድማ አንብባው ሁለት መስመር ሰርዛለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ያን ቀን ስላለችው እስካሁን አልነገረችኝም። እሁድ እሁድ ግን አሁን አጠገቤ ትቀመጣለች።

ወይዘሮ ቢፍቱ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የጨጓራ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። በሕክምናና በጸሎት ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በተወለዱ በ65 ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። የሦስት ልጆች እናትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ። ልጆቻቸው ለሊሳ፣ ሚሳኤልና ቤተልሄም፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ እኔ ታናሽ እህታቸው ሞልቱ፣ ሌሎቹም ወንድሞቻችንና የእህታቸው ልጅ ለሊሴ በሐዘን ቀርተናል። የብዙ ሰው ገመና የሸፈኑትን እህታችንን ጌታ በክንፎቹ ጥላ ይሸፍናቸው፤ ነፍሳቸውንም በእቅፉ ያሳርፍልን።

በመጨረሻዋ ሰዓት ማን አጠገባቸው እንደነበረ ብዙ ሰው ጠይቆናል። ቤቱ ሞልቶ ነበር። ለሊሴ አረንጓዴውን አንሶላ መስኮቱ ላይ ሰቅላ፣ ጎንበስ ብላ “እትዬ፣ ማን አጠገብዎ እንዲሆን ይፈልጋሉ?” አለቻቸው።

“አንቺና ልጆቼ” አሉ።

ለሊሴና ሦስቱ ልጆቻቸው ቆዩ። ሽማግሌዎቹ፣ መዘምራኑና እኔ ወጣን። በሩን ዘጋሁና ፊቴን ወደ ሕዝቡ አዙሬ ቆምኩ።